«ገዳዩን ይቅር ሲለው አንባቢ አላመነኝም»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ረጅም ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ካዛንቺስ ነው። የዋናው ገጸ ባሕሪ ታላቅ ወንድም አብሮት ባደገ የሰፈር ልጅ በጩቤ ተወግቶ ይሞታል። ገዳዩ 13 ዓመት ተፈርዶበት፣ ወደ 9 ዓመት ገደማ ታስሮ በአመክሮ ይወጣል። ታናሽየው ያን ሁሉ ዓመት ሲጠብቀው ነው የኖረው። በመጨረሻው ምዕራፍ ያገኘዋል፣ ጩቤ ያወጣል፣ ከዚያ የእናቱ ምክር ትዝ ይለውና ጩቤውን ጥሎ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ በሙሉ መጨረሻው አልተዋጠላቸውም። አንዱ 'ወንድሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ እኮ' አለኝ። ጥላቻው አንሶ ነው? ወይስ የኛ አንባቢ በቀል ስለሚወድ ነው? ወይስ ከመጀመሪያው ሽማግሌ ገብቶ፣ ጉዳዩ በዕርቅ ተዘግቶ፣ ገዳዩ ባይታሰር ይሻል ነበር?»

ጥላቻው አላነሰም። እንዲያውም በዝቷል። አብረሽ የላክሽውን የመጨረሻ ምዕራፍ አንብቤዋለሁ። ልጁ በየገጹ ጥርሱን ይነክሳል፣ ደሙ ይፈላል፣ ዓይኑ ደም ይለብሳል። ግን ምንም አያደርግም። ጥላቻ ብቻውን ታሪክ አይገፋም። ሰው ሰውን 30 ዓመት ጠልቶት፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም እያለው፣ አንድ ዕድር ውስጥ አብሮ እያዋጣ ሊኖር ይችላል። እንደዚህ ያሉ ጎረቤታሞችን ሁላችንም እናውቃለን። ታሪክ የሚገፋው ዕዳ ነው፣ ዕዳ ደግሞ ጠያቂ ይፈልጋል።

ደም መመለስ ባለበት የገጠር አካባቢ ነገሩ የአንድ ሰው ንዴት ብቻ አይደለም። ሟች ሲቀበር አልቃሿ የምታወርደው ሙሾ ወደ አንድ ሰው ይወረወራል። ወደ ወንድሙ፣ ወደ አጎቱ ልጅ፣ አንዳንዴም ገና እናቱ ጉያ ስር ወዳለ ሕፃን። ልጁ ያንን ሰምቶ ያድጋል። ሠርግ ላይ ፉከራ ሲነሳ አንገቱን ይደፋል፣ ምን ብሎ ይፎክራል? ገዳዩን በግሉ የማይጠላ፣ መልኩን እንኳ በደንብ የማያውቅ ሰው መሣሪያ ይዞ የሚወጣው ካልወጣ ከዘመዶቹ ጋር ማዕድ መቅረብ ስለሚያፍር ነው። የሚገፋው ነገር ከውጭ ስለሆነ ውስጡ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ፍርሃት፣ ርኅራኄ፣ ድካም፣ «ለምን እኔ?» የሚል ጥያቄ። ግጭት ማለት እሱ ነው።

አንቺ ታሪክ ውስጥ ግን ደሙን የሚጠይቅ ማንም የለም። እናትየዋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ «ለፈጣሪ ስጠው ልጄ» ትላለች። ዘመድ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ የወንድምየው ጓደኞች ከቀብሩ በኋላ ይጠፋሉ። ልጁ ብቻውን ይናደዳል፣ ብቻውን ይበርድለታል። ታዲያ ማን ላይ ቆርጦ ነው ይቅር ያለው? ምን አጥቶ? አንባቢሽ የተቆጣው ልጁ ስላልገደለ አይደለም፣ ይቅርታው በነጻ ስለተሰጠ ነው። ዋጋ ያልተከፈለበት ይቅርታ የሟችን ደም ያረክሳል። ጓደኛሽ «ደመ ከልብ» ያለው ይሄን ነው፣ ልክ ብሏል።

ስለዚህ «የኛ አንባቢ በቀል ይወዳል» የሚለውን ተዪው። በቀል የሁሉም አገር አንባቢ ይወዳል። ምክንያቱም ለደራሲም ለአንባቢም ቀላል ነው፣ በደል አለ፣ በዳይ አለ፣ ፍለጋ አለ፣ መገናኘት አለ። ማን ምን እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። ግን አንባቢ ከበቀሉ በላይ የሚፈልገው ሚዛን ነው። «ዓይን ስለ ዓይን» የሚለውን ብዙ ሰው የጭካኔ ሕግ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ከዘፍጥረት 4 ጋር አስተያይተሽ አንብቢው። እዚያ ላሜክ ሚስቶቹን ሰብስቦ ለኔ የሚመለሰው ሰባ ሰባት እጥፍ ነው ብሎ ይፎክራል። ከዚያ አንጻር አንድ ዓይን ስለ አንድ ዓይን ልክ ማበጀት ነው፣ ከዚህ በላይ አትለፍ ማለት ነው። አንባቢም እንደዚያ ነው። ልኩ ከተጠበቀለት መግደልንም አለመግደልንም ይቀበላል።

አሁን ወደ ካዛንቺስ ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቅ ነገር እጅሽ ላይ አለ፣ ሳትጠቀሚበት አልፈሽዋል። ታሪክሽ ዛሬ ላይ የሚደርስ ከሆነ ሰፈሩ የለም። በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል፣ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ወንድሙ የወደቀበት በር የለም። ገዳዩና ሟቹ ተሰልፈው ኳስ የመረጡበት ሜዳ የለም። ሬሳውን ያነሱት ሰዎች አንዱ ገላን፣ አንዱ የካ፣ አንዱ ክፍለ ሀገር ገብቷል። በቀል ደግሞ ተመልካች ይፈልጋል። ደሙን መለሰ የሚል ሰው ከሌለ መመለሱን ማን ያውቅለታል? አንቺ ልጅ ገዳዩን ሲያገኘው ያንን ማታ የሚያስታውሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እሱና ገዳዩ። ወንድሙን በቁልምጫ ስሙ የሚጠራ ሌላ ሰው በዚያ መንገድ ላይ የለም። ይሄ ከእናት ምክር አሥር እጥፍ ይበልጥ እጅ ይይዛል። ገዳዩን ከገደለው የወንድሙን የልጅነት ሳቅ የሚያውቅ አንድ ሰው ከምድር ይቀንሳል። እዚህ ቆይበት። ልብወለድሽ ከሌላው የሚለየው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ይቅርታው ስንመጣ የዮሴፍን ታሪክ እንደገና እንድታነቢ እፈልጋለሁ፣ ለስብከት ሳይሆን ለአሠራሩ። ሁላችንም ከሕፃንነታችን ስለምናውቀው እንዴት እንደተገነባ አናየውም። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ሲወርዱ ሥልጣኑ በሙሉ በእሱ እጅ ነው፣ እነሱም አላወቁትም። ወዲያው ይቅር ይላል? አይልም። በቁጣ ይናገራቸዋል፣ ሰላዮች ናችሁ ይላል፣ ያስራቸዋል፣ ስምዖንን መያዣ ያደርጋል። በመሐል ዞር ብሎ ብቻውን ያለቅሳል፣ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። ከዚያ ጽዋውን በብንያም ስልቻ ያስደብቃል። ይሄ ተንኮል ይመስላል እንጂ ፈተና ነው። ያኔ የሆነው ነገር እንደገና ተዘጋጀላቸው፣ አባታቸው የሚሳሳለትን ታናሽ ወንድም ትተው ነጻ መውጣት ይችላሉ። ድሮ «እንሽጠው» ያለው ይሁዳ አሁን «በልጁ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ይላል። ዮሴፍ ራሱን የገለጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ ዘፍጥረት ምዕራፍ 45 ላይ። በቁርኣንም ሱረቱ ዩሱፍ ላይ «ዛሬ ወቀሳ የለባችሁም» የሚለው ቃል የሚመጣው ወንድማማቾቹ ጥፋታቸውን በአፋቸው ካመኑ በኋላ ነው።

ብዙ ደራሲ የሚዘለው ደግሞ ምዕራፍ 50 ነው። ያዕቆብ ግብፅ ገብቶ 17 ዓመት ኖሮ ይሞታል። አባትየው ሲቀበር ወንድማማቾቹ እንደገና መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ ሲጠብቅ የነበረው የአባታችንን ሞት ቢሆንስ ብለው። 17 ዓመት እንጀራውን በልተው አላመኑትም! ዮሴፍ ይሄን ሲሰማ ያለቅሳል። ይቅርታ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ መታመኑ ሌላ። አንቺ ልብወለድሽን የዘጋሽው ታሪኩ ገና በሚጀምርበት ቦታ ነው።

ከዚህ አንጻር ገዳይሽን እዪው። መልክ የለውም። 9 ዓመት የት ታሰረ? ማን ጠየቀው? እናቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ጎረቤት ምን አላት? በመጨረሻው ምዕራፍ የሚያደርገው ተንበርክኮ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ጩቤ የተደቀነበት ሰው መንቀጥቀጡ ጸጸት አይደለም፣ ማንም ይንቀጠቀጣል። ጸጸቱን ማንም በማያስገድደው ሰዓት አሳዪን። ከእስር ከወጣ በኋላ ሳይጠየቅ ያደረገው አንድ ነገር ይኑር፣ ትንሽ፣ የሚያስከፍለው ነገር። ብቻ ጻድቅ አታድርጊው። ቅዱስ የሆነን ሰው ይቅር ማለት ምንም አይከብድም። ትንሽ ራሱን ይከላከል፣ «እሱም እኮ ቀድሞ ሰድቦኝ ነበር» ይበል። አንባቢ ይናደድበት።

ስለ ሽምግልናው የጠየቅሽው ግን አይሠራም። ሰው መግደል በግል አቤቱታ የሚከሰስ ወንጀል አይደለም። ቤተሰብ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ዕርቅና ካሣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ለማቅለል ሊያያቸው ይችላል፣ መዝገቡን ግን አይዘጉም። አንቺ የሰጠሽው 13 ዓመት ከሕጉ ጋር ይሄዳል፣ አመክሮ ሁለት ሦስተኛው ሲታሰር ስለሆነ ከ8 ዓመት ተኩል አልፎ መውጣቱም ልክ ነው፣ አትንኪው። የረሳሽው ሌላ ነው። ታናሽየው 9 ዓመት አስቦ፣ አድብቶ ከገደለ ዳኛው በአንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ሊለው ይችላል፣ ያ ደግሞ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ጀማሪው 13 ዓመት፣ ደም መላሹ ዕድሜ ልክ። እናትየዋ ሁለቱንም ልጆቿን ታጣለች። ይሄን ሂሳብ አንድ ሰው በግልጽ ይናገረው፣ ሰፈር ውስጥ ያለ ጠበቃ ወይም ራሱ ታስሮ የወጣ ሰው። ልጁም እያወቀ ይቀጥል።

ሽማግሌዎቹ የሚጠቅሙሽ ለሌላ ነገር ነው። ሥራቸው ሁለተኛው ሬሳ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ፣ በኦሮሞ ጉማ የሚባል የደም ካሣና የዕርቅ ሥርዓት አለ፣ በየአካባቢው የራሱ ወግ አለው። በብዙ ቦታ ግን ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ የሟች ወገን ፊት ይቀርባል። አንድ ነገር አስተውዪ፣ የሟች ወገን መጀመሪያ እምቢ ይላል። ሽማግሌ ተመልሶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል፣ ደጅ ይጠናል። ሁሉም ሰው እምቢታው እንደሚመጣ ያውቃል፣ ግን እምቢ መባል አለበት። እምቢታው ለሟች የሚሰጥ ክብር ነው። በአንድ ጊዜ እሺ ያለ ቤተሰብ «ቀድሞም አልወደዱትም ነበር» ይባላል። አንባቢሽ በዚህ ወግ ያደገ ነው፣ ባያውቀውም ከቤቱ ወርሶታል። አንቺ ልጅ በሁለት ገጽ ውስጥ ከጩቤ ወደ እቅፍ ሲሄድ የቀረበት እምቢታው ነው።

ሌላም ነገር ከዚህ ጋር አለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ተወላጆች ቡራዩ ላይ የመገደላቸው ወሬ አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች ለምለም ሳር ይዘው መንገዳቸው ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። ፎቶውን አይተሽው ይሆናል። ልብ በይ፣ የማንም ልብ በዚያች ደቂቃ አልበረደም። ሐዘኑም ቁጣውም እንዳለ ነበር። ግን ለመቀጠል በሳሩና በተንበረከኩት አባቶች ላይ መረማመድ ነበረባቸው፣ ያንን ማድረግ አልቻሉም። እጅ ቀድሞ ተመለሰ፣ ልብ በራሱ ጊዜ ይከተላል ወይም አይከተልም። አንቺ ምዕራፍ ላይ ግን ልብ ቀድሞ ይራራል፣ እጅ ይከተላል። ገልብጪው። የልብ መራራት ወረቀት ላይ አይታይም፣ የእጅ መመለስ ግን ይታያል።

እንደዚህ ዓይነት ትዕይንት ማየት ከፈለግሽ ልደታ ሂጂ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር እሄዳለሁ። ችሎት ውስጥ ከምትሰሚው ይልቅ ኮሪደሩን እዪ። አንድ ቀን የሟች እናትና የተከሳሽ እናት ቦታ ጠፍቶ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አንደኛዋ የነጠላዋ ጫፍ ሌላኛዋን እንዳይነካ ሰብስባ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ዳኛው ቀጠሮ ሰጥቶ ሁሉም ሲነሳ፣ የሌላኛዋ መቁጠሪያ ወደቀ። ነጠላዋን የሰበሰበችው ሴት ጎንበስ ብላ አንስታ፣ እጇ ላይ ሳይሆን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችላት። አላየቻትም፣ አላናገረቻትም። ከዚህ የበለጠ የይቅርታ ትዕይንት ልትጽፊ አትችዪም ብዬ አምናለሁ፣ ይቅርታም አይደለም ገና።

አማራጮችሽ ምንድን ናቸው? መግደል ትችያለሽ፣ ከዚያ ግን ልብወለድሽ የሚያልቀው በመግደሉ ሳይሆን በማግስቱ ነው፣ የእናትየዋ ሁለተኛ የእስር ቤት ምልልስ መጻፍ አለበት። ብዙዎቹ የበቀል ታሪኮች የሚወድቁት ማግስቱን ፈርተው ነው። ሌላው ሳይገድል ይቅርም ሳይል መቅረት ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው ለዚህ ነው። ልጁ «በሕይወት ኑር፣ እኔ ግን ይቅር አላልኩህም» ብሎ ሊሄድ ይችላል። ይሄ ፍጻሜ በኛ ድርሰት ብዙ አይሞከርም፣ ደራሲዎቻችን ይቅርታን ግዴታ ስለሚያደርጉት ይመስለኛል። ግዴታ አይደለም። በተለይ ብዙ ሰው ያለቀበትን በደል የምትነኪ ከሆነ ተጠንቀቂ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግቢና በፎቶዎቹ መሐል ቆመሽ፣ አንድ ገጸ ባሕሪ የነዚያን ሁሉ በደል ይቅር ማለት ይችል እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተቀይሯል። ያ የመንግሥት ውሳኔ ነው። የአንዲት እናት ይቅርታ የእሷ ብቻ ነው፣ ማንም በስሟ አይሰጥም፣ ደራሲም ቢሆን።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የልጁ ጥላቻ ከሰውየው አልፎ ወደ ዘሩ ወይም ወደ ሃይማኖቱ እንዲሰፋ አታድርጊ፣ ታሪኩ ራሱ ያንን ካልጠየቀ በስተቀር። አሁን ባለንበት ጊዜ አንባቢ አንድ ፍንጭ ካገኘ ሰውየውን ይረሳና ወገን መቁጠር ይጀምራል፣ ልብወለድሽም እዚያው ይሞታል። ጥላቻው ጠባብ ይሁን። ገዳዩ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነውን አሸፋፈን ይጥላ፣ የወንድሙን ጃኬት ተውሶ ሳይመልስ የቀረውን ይጥላ።

እኔ የምልሽ ይሄ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ አውጪው። መገናኘታቸውን ከመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ አድርጊው። ጩቤው ይውጣ፣ እጁ ይመለስ፣ ግን እቅፍ የለም፣ እንባ የለም፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» የለም። ዝም ብሎ ይሂድ። እናትየዋን ደግሞ ቀይሪያት። መካሪ አትሁን፣ ጠያቂዋ እሷ ትሁን። «ግደልልኝ» ማለት የለባትም። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ታውጣ፣ በሰባተኛው ዓመት ያለ የሌላትን ሸጣ ትደግስ፣ ጸበሉ ተቀምሶ ሰው ሁሉ ሲወጣ ትንሹን ልጇን ቀና ብላ ትየው። ያ ይበቃል። ልጁ ከገዳዩ ዘንድ ሲመለስ ለእሷ «አገኘሁት፣ ተውኩት» ማለት አለበት። የመጽሐፍሽ ከባዱ ትዕይንት ይሄ ነው እንጂ የጩቤው አይደለም። በሩን ትዝጋበት፣ ዘመድ ይራቀው፣ የወንድሙ ጓደኞች ስልኩን አያንሱ። ዋጋው እዚህ ይከፈል።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይምጡ። እናትየዋ ትመልሳቸው። ድጋሚ ይምጡ፣ ድጋሚ ትመልሳቸው። በስተመጨረሻ ገዳዩ ድንጋዩን እንዲያወርድ ትፍቀድለት፣ ቡና ግን አታቅርብለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለውን ቃል ሽማግሌዎቹ እንድትለው ይለምኗት፣ ትበል አትበል ላይ አንቺ ወስኚ። እኔ ባትለው እመርጣለሁ።

ስትጀምሪ በእናትየዋና በልጁ ትዕይንት ጀምሪ። እሱ ሳይጻፍ ወደ ጩቤው ምዕራፍ አትመለሺ፣ ልጁ ምን ሊያጣ እንደሆነ ሳታውቂ እጁን የት ላይ እንደምታስቆሚው አታውቂም።